ቀኑን አልጽፍልሽም

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል። መነጫነጭ ስለጀመረ ነው የማውቀው።

ሐሙስ ማታ የላክሽልኝን አየሁት። የመራጮች ምዝገባ መቼ እንደሚያበቃ የሚናገር ማስታወቂያ ስክሪንሾት ነው። ከላይ የምርጫ ቦርድ አርማ አለው፣ ከታች ክብ ማኅተም፣ ከማኅተሙ ሥር ደግሞ አንድ ሰው በቀይ «ለሁሉም አዳርሱ» ብሎ ጽፎበታል። አንቺም «እማ፣ እውነት ነው እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። በስልክ ልመልስልሽ ጀመርኩና ተውኩት፣ ነገሩ ረዘመብኝ። ወደ ጅማ የሚመጣ ሰው ስለተገኘ ከበሶው ጋር በወረቀት ላኩልሽ። እየሳቅሽብኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ምርጫው መቼ እንደሆነ፣ ምዝገባው መቼ እንደሚያበቃ እዚህ ወረቀት ላይ አታገኚም። ዛሬ ብጽፈው ትክክል ይሆን ይሆናል። አንቺ ግን ፎቶ አንስተሽ ለጓደኞችሽ ትልኪዋለሽ፣ እነሱም ለሌላ ይልኩታል፣ ከሁለት ወር በኋላ የእኔ የእጅ ጽሑፍ አንዱን የዋህ ያሳስተዋል። ለምን እንዲህ እንደፈራሁ የ2013ቱን ሳስታውስሽ ይገባሻል።

ያኔ 14 ዓመትሽ ነበር። ስድስተኛው ምርጫ ነሐሴ 23 ቀን 2012 ይደረጋል ተብሎ ነበር። ኮሮና መጣና ተራዘመ። ቆይቶ ግንቦት 28 ቀን 2013 ተባለ። ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ደግሞ ለብቻ ሰኔ 5። ከዚያም እንደገና ተገፍቶ፣ የከተሞቹም አብሮ፣ ሰኔ 14 ሆነ። ቁጠሪው፣ አራት ቀን ነው። አንዱንም ማንም ከኪሱ አልፈጠረውም። ሁሉም በየተራው ትክክል ነበር።

በቤተሰብ ግሩፓችን ውስጥ አራቱም ቀኖች አብረው ይዞሩ ነበር። አምስተኛውን አሜሪካ ያለችው አክስትሽ ጨመረችልን። እሷ ያነበበችው በእንግሊዝኛ ነው፣ «ጁን 21» ይላል። ልክ ነው፣ በእኛ ሰኔ 14 ማለት ነው። እሷ ግን ጁንን ሰኔ አደረገችና «ምርጫው ሰኔ 21 ነው፣ እንዳትረሱ!» ብላ ከሦስት የባንዲራ ምስል ጋር ላከችልን። ክፋት የለባትም፣ ሃያ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር የኖረች ሰው ናት። አያትሽ ግን ግድግዳው ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ ሰኔ 21 ላይ በእስክሪብቶ ክብ ሠርታበት ነበር። ባላየው ኖሮ ሳምንት አሳልፋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ባዶ ጣቢያ ትሄድ ነበር።

ስለ ሐሰተኛ መረጃ ሲወራ ሁሉም ሰው አንድ ክፉ ሰው ጨለማ ቤት ተቀምጦ ሲፈጥር ይታየዋል። እንዲህ ዓይነቱም አለ፣ አልካድኩም። እኔንና ጎረቤታችንን ግን ያሳሳተን ትናንት እውነት የነበረ ነገር ነው። ውሸትን እንጠረጥራለን። ትናንት ከትክክለኛ ቦታ የሰማነውን ግን ማን ይጠረጥራል?

ምዝገባው ላይ የሆነውን ልንገርሽ። የእድራችን ግሩፕ ላይ «የመራጮች ምዝገባ ተጠናቋል» የሚል መጣ። እኔም ሱቁን ጥዬ መሄድ ከብዶኝ ስዘገይ ስለነበር «እሰይ፣ ተገላገልኩ» ብዬ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ደስ ብሎኝም ነበር። ከቀናት በኋላ ዘይት ላመጣ ስሄድ በምርጫ ጣቢያው በር አለፍኩ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ዝናብ አርጥቦት ጫፉ ተጠቅልሏል፣ ሐምራዊው ማኅተም ፈስሶ ጽሑፉ ላይ ወርዷል፣ ግን ይነበባል። ምዝገባው ተራዝሟል ይላል። መልእክቱ ውሸት አልነበረም፣ የመጀመሪያው ቀን በእርግጥ አልፎ ነበር። መራዘሙን ግን ማንም ፎርዋርድ አላደረገም። ዘይቱን ትቼ መታወቂያዬን ላመጣ ተመለስኩ።

የምርጫው ቀን ደግሞ ጎረቤታችን ላይ ደረሰ። እንጀራ የምትጋግረዋን ታስታውሻታለሽ። ምጣዷን አጥፍታ፣ ሰልፉ ላይ ስትደርስ አመሻሽ ሆኗል። ሰልፉ ዞሮ ዞሮ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሷል። አንድ ጎልማሳ እያለፈ «ለምን ትለፋላችሁ? 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል» አላቸው። ጠዋት ይህ ልክ ነበር። ድምፅ የሚሰጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው ተብሎ ነበርና። ሰልፉ ስለበዛ ግን ቦርዱ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዘመው። እሷ ያንን አልሰማችም። ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከኋላዋ የነበሩት መረጡ። እስከ ዛሬ ስታነሳው ሰውየውን አትሰድብም፣ «እኔ ነኝ ገብቼ ያልጠየቅሁት» ነው የምትለው። የጣቢያው በር ከቆመችበት አንድ መቶ እርምጃ አይርቅም ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ስክሪንሾት ልምጣ። መነጽሬን አድርጌ አስፍቼ አየሁት። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሁሌም ከላይ ቁጥርና ቀን አለው። የአንቺው ላይ ያ ጥግ ተቆርጧል። ሆን ተብሎ ይሁን ስልክ ቆርጦት አላውቅም። እና መልሴ ይሄ ነው፦ ደብዳቤው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ መቼ እንደተጻፈ ግን አይናገርም። የተጻፈበት ቀን የሌለው ማስታወቂያ ለእኔ ስም እንደማይጠራ ጥሩምባ ነፊ ነው። የእድራችን ሰው ሌሊት ሲነፋ የማን ቤት እንደሆነ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል። ዝም ብሎ እየነፋ ቢያልፍ ማን ጋቢውን ለብሶ ይወጣል?

እንዲህ አድርጊ። የደረሰሽን ነገር ከደረሰሽ ቦታ ሆነሽ አታጣሪው። ዝጊው። ከዚያ የብሔራዊ ምርጫ ቦርድን ድረ ገጽ ራስሽ ክፈቺ፣ በተላከልሽ ሊንክ በኩል ሳይሆን ስሙን ራስሽ ጽፈሽ። የፌስቡክና የቴሌግራም ገጻቸውንም ከዚያ ተነሥተሽ ግቢ፣ አርማ መቅዳት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በ2013 778 የሚል አጭር የስልክ ቁጥር ነበራቸው። የዘንድሮውንም ድረ ገጹ ላይ አይተሽ ደውዪ፣ የድሮ ቁጥር ከእናትሽ አትቀበዪ። ኔትወርክ እምቢ ካለሽ ደግሞ በእግርሽ ሂጂ። ጣቢያው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የሚያህል የለም። የመራጮች መዝገብም እኮ ሕዝብ እንዲያየው ይፋ ይደረጋል። ስምሽ በትክክል መጻፉን፣ የአባትሽ ስም አለመሳቱን የምታዪው እዚያ ነው።

የቴሌግራም የዜና ገጹን ቲክቫህን እንደምታነቢ አውቃለሁ፣ እኔም አነባለሁ። ግን ቲክቫህ የሚል ስም ያለው ሁሉ ቲክቫህ አይደለም። ስንት ተከታይ እንዳለው እዪ፣ የድሮ ልጥፎቹን ወደ ላይ ሄደሽ ተመልከቺ። ወሬው ከባድ ከሆነ፣ «እንዲህ ያለ ቦታ ምርጫ ተሰረዘ» ዓይነት ከሆነ፣ ኢትዮጵያ ቼክና ሀቅቼክ አጣርተውት እንደሆነ ፈልጊ። እነሱ ሥራቸው ይሄው ነው። እስኪጣራ ድረስ ደግሞ እጅሽን ሰብስቢ። ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንደሚያስጠይቅ አባትሽ ንገሪያት ብሎኛል። በነገራችን ላይ ከቤታችን ብዙ ፎርዋርድ የሚያደርገው እሱ ነው።

የክፍል ጓደኛሽ ከጅግጅጋ ናት ብለሽኝ ነበር። እሷ የምትሰማው ለእሷ ልክ ሆኖ ለአንቺ ሊሳሳት ይችላል። በ2013 እኛ ሰኔ ላይ ስንመርጥ ሶማሌና ሐረሪ የመረጡት መስከረም 20 ቀን 2014 ነው። ስለዚህ «መቼ ነው?» ብቻ ብለሽ አትጠይቂ፣ «የት?» የሚለውንም ጨምሪበት። ሰዓትም ሲጻፍ ተጠንቀቂ። «12:00» የሚል ካየሽ የማን 12 ሰዓት ነው? የእኛ ከሆነ ጎህ ሲቀድ ነው፣ የፈረንጅ ከሆነ እኩለ ቀን ነው። ስድስት ሰዓት ቀልድ አይደለም።

ለአንቺ ዋናው ጥያቄ ግን የት ትመዘገቢያለሽ የሚለው ነው። ዕድሜሽ 18 አልፏል፣ በዚያ በኩል ችግር የለም። በሕጉ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ነው የሚመዘገበው። አንቺ ጅማ ከ6 ወር በላይ ሆኖሻል፣ ቤትሽ ደግሞ እዚህ ነው። ሁለት ቦታ መመዝገብ ክልክል ነው፣ «ለማንኛውም» ብለሽ እንዳታደርጊው። በ2013 ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልዩ የምርጫ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። ሲኒየሮቻችሁ ያንን ይዘው «በግቢ ነው» ሊሏችሁ ይችላሉ። የእነሱ የመቼ እውነት ነው? ከቦርዱ አረጋግጪ።

ማንን እንደምትመርጪ አልነግርሽም። አባትሽ ቢሞክር ስልኩን ዝጊበት። ግን እኔ የሠራሁትን ስህተት አትድገሚ። በ1997 ግንቦት 7 ስመርጥ የማውቀው የፓርቲ ምልክት ብቻ ነበር፣ የኢሕአዴግ ንብና የቅንጅት ሁለት ጣት። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ እነሱ ነበር። ሰልፉ ላይ ደግሞ አንዷ «ውስጥ ያለው እስክሪብቶ ይጠፋል፣ የራሳችሁን ያዙ» ብላን፣ ቦርሳዬን ገልብጬ እስክሪብቶ ስፈልግ ተራዬ አለፈ። በ2013ም የብልጽግናን አምፖልና የኢዜማን ሚዛን አውቃለሁ ብዬ ገባሁ። አንዱ ወረቀት ለተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ እሱን እንደምንም። ሁለተኛው፣ የከተማው ምክር ቤት ወረቀት ላይ የተደረደረውን የዕጩ ስም ሳይ ግን ደነገጥኩ። አብዛኞቹን ሰምቻቸው አላውቅም። የግል ዕጩዎችም ነበሩ። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እንደ ፈተና ገመትኩ። አፍሬበታለሁ።

ስለዚህ በምትመዘገቢበት የምርጫ ክልል የሚወዳደሩት እነማን እንደሆኑ ቀድመሽ እዪ፣ ዝርዝሩ ይፋ ይወጣል። ክርክሩን ሙሉውን ስሚ እንጂ በቲክቶክ የተቆረጠውን የአንድ ደቂቃ አትመኚ። ሲቆረጥ ጥያቄው ይቀራል፣ መልሱ ብቻ ይመጣና ሰውየው ሞኝ ይመስላል። ወይም ጀግና። ማኒፌስቶ አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም። ሁለት ገጽ ብቻ አንብቢ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ኑሮ ውድነት የሚለውን። የሁለት ሦስት ፓርቲ ጎን ለጎን ካደረግሽ ማን ዝም ብሎ እንደሞላው ይታይሻል።

የቦርዱን መልስ ስታገኚ ደውዪልኝ። ምን እንዳሉሽ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳለሽ፣ በየትኛው ቀን እንዳለሽም ንገሪኝ። አያትሽ እየጠበቀች ነው። ዘንድሮ ቀን መቁጠሪያው ላይ ገና ክብ አልሠራችም፣ እስክሪብቶው ግን ከሥሩ በክር ተንጠልጥሏል።

በሶው ከላይ ነው፣ ሽሮው ከሥር። ጣሳውን እንዳትጥዪብኝ።

እናትሽ