አንበሳው ቀና፣ አጋዘኑ ዘንበል፦ የሳንቲም ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ የትምህርት ቤታችን የሳንቲም ክበብ የየአገሩን ገንዘብ ማከማቸቱን አቆይቶ አንድ ነገር ብቻ ጠልቆ ለማየት ወሰነ፤ ይኸውም የፊቱና የጀርባው ምስል አቅጣጫቸው ሳይገጥም የታተመ ሳንቲም ነው።

ሳንቲም የሚሠራው ምስል ያልወጣለት ክብ ብረት በሁለት የተቀረጹ ማኅተሞች መካከል ገብቶ በከፍተኛ ኃይል ሲጨመቅ ነው። አንዱ ማኅተም የፊቱን፣ ሌላው የጀርባውን ምስል ያወጣል። ከሁለቱ አንዱ ሲገጠም ቦታውን ከሳተ፣ ወይም በሥራ ላይ እያለ ላልቶ ከዞረ፣ ስሕተቱ ታውቆ እስኪታረም ድረስ የሚወጡት ሳንቲሞች ጀርባቸው ያዘነበለ ይሆናል። ምስሉ አይበላሽም፣ ጽሑፉም አይጎድልም። ስለዚህ ሳንቲሙ ዓመታት ሙሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ማንም ልብ አይለውም። እኔን ከሌሎች የኅትመት ስሕተቶች ሁሉ ይልቅ የሚማርከኝ ይህ ነው፤ ለማግኘት ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት ይጠይቃል።

አያያዙ ግን መለመድ አለበት። ፊቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ሳንቲሙን በሁለት ጣት ከላይና ከታች ጠርዙ ይይዙና በር እንደሚከፈት ወደ ጎን ያዞሩታል። ከታች ወደ ላይ የገለበጠው ሰው ውጤቱን በ180 ዲግሪ ያዛባዋል። በኅዳር ወር ከየክፍሉ በደስታ ከመጡልን ሳንቲሞች አብዛኞቹ በዚሁ ምክንያት የተጣመሙ የመሰሉ ነበሩ። ልጆቹ ቢያዝኑም ተስፋ አልቆረጡም።

ከዚያ የከበደው ጥያቄ መጣ፤ ቀናው የትኛው ነው? የብሪታንያ ሳንቲም በዚህ መንገድ ሲዞር ጀርባውም ቀጥ ብሎ ይታያል። የአሜሪካ ሳንቲም ግን ሆን ተብሎ ተዘቅዝቆ ነው የሚታተመው። በ1989 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ኮንግረስ 200ኛ ዓመት መታሰቢያ በዴንቨር ከታተሙት የብር ዶላሮች ጥቂቶቹ ጀርባቸው ቀጥ ብሎ ወጣ፤ በእነርሱ ላይ ስሕተቱ ቀጥ ማለቱ ነው። ይህን ምሳሌ በሰሌዳ ላይ ስሥል በክፍሉ የተነሣው ክርክር ከደወሉ በኋላም አላበቃም። መደምደሚያው ግልጽ ነበር፤ አንድ ሳንቲም ከመፈረዱ በፊት የዓይነቱን ልማድ ማወቅ ያሻል፣ ለዚህም ብዙ ተመሳሳይ ሳንቲም ያስፈልጋል።

እድል ሆኖ በ1969 ዓ.ም. የታተሙት ሳንቲሞች ዛሬ ብዙም ስለማይገዙ በየቤቱ ጣሳ ውስጥ ተቀምጠዋል። ተማሪዎቻችን ከደብረ ማርቆስም ከዙሪያው ገጠርም አመጡልን፤ ገበሬና በሬዎች ያሉበት አንድ ሳንቲም፣ የደጋ አጋዘን ያለበት አስር ሳንቲም፣ በሁሉም ፊት ላይ ያ የምናውቀው የአንበሳ ራስ። የሒሳብ መምህራችን ካርቶን በክብ አስቆርጠው በዲግሪ አስመለከቱ፤ የአሥረኛ ክፍል ልጆች መሐሉን ለሳንቲሙ ቀደው ክር ወጠሩበት። ሰብሳቢዎች ከ15 ዲግሪ በታች የሆነውን ዝንባሌ ብዙም አይቆጥሩትም፤ እኛም በዚሁ ሄድን።

በመጋቢት አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከእናቷ ሱቅ አንድ አስር ሳንቲም ይዛ መጣች። አንበሳው ቀጥ ሲል አጋዘኑ ቁልቁለት እንደጀመረ ሆኖ ታየ። ውጤቱን ሳይነጋገሩ አራት ልጆች ለየብቻ እንዲለኩት አደረግሁ፤ ሁሉም ወደ 40 ዲግሪ ተጠጉ። እናቷ ሳንቲሙን ለክበቡ ሰጥተውናል፤ እናመሰግናቸዋለን።

በየቤቱ ያየናቸው የቆዩ ገንዘቦች ራሳቸውን የቻሉ ትምህርት ነበሩ። የ1936 ዓ.ም. ስሙኒ መጀመሪያ ጠርዙ ክብ ነበር። ሰዎች የመዳቡን ስሙኒ በብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ስለሚያሳልፉት በኋላ ጠርዙ ሞገድ መሰል ሆኖ ወጣ፤ ልጆቹ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ጠገራ ብርም አይተናል፤ የ1780 እ.ኤ.አ. ቀን ቢኖርበትም የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ ሲታተም የኖረ ነው። አንዲት እናት የጥሎሻቸውን ጠገራ ከሣጥን አውጥተው «ለማየት ነው ልጆቼ፣ ለመሸጥ አይደለም» ሲሉ ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ተራ በተራ ያዙት። ክበባችን ከቤተሰብ ገንዘብ አይገዛም፤ አይቶና መዝግቦ ይመልሳል። በእርሻ ላይ ከመሬት የሚወጣ ጥንታዊ ገንዘብ ደግሞ ቅርስ ስለሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት መነገር አለበት፤ ይህንን በሰልፍ ሰዓት ለመላው ተማሪ አስረድተናል።

ለመጪው ዓመት አጉሊ መነጽርና እስከ ግራም ክፍልፋይ የሚመዝን ሚዛን ያስፈልገናል። ከሁለቱም ዓይነት የ1936 ስሙኒ በብዛት አግኝተን አቅጣጫቸውን መለካት እንፈልጋለን። ያለው ሰው ያምጣልን፤ ነገር ግን በሎሚም ሆነ በአመድ አይፈትገው፣ ከነእድፉ ይምጣ።