የጎፍን ደን ስንጽፍ ቤታችንን አንርሳ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ የጎፍ ጥብቅ ደን ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ዛፎቹ ዓይነት፣ ስለ ተራራው አቀማመጥና ስለ ችግኝ ተከላው የሰፈረው ሁሉ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ በደኑ ግርጌ ተወልጄ ያደግሁ፣ ዛሬም ኮምቦልቻ የምኖር ሴት እንደመሆኔ አንድ ትልቅ ነገር እንደጎደለው ሳልጠቁም ማለፍ አልቻልኩም። በጽሑፉ ውስጥ የደኑ ታሪክ አዋጅ የወጣበት፣ ችግኝ የተተከለበትና ጥበቃ የተቀጠረበት ዘመን ታሪክ ሆኖ ቀርቧል። ከዚያ ደን ወደየቤታችን የገባው ነገር፣ የቤቱም ሰው ለደኑ የደከመውና በደኑ ላይ ያደረሰው ጉዳት አንድ መስመር እንኳ አላገኘም። ይህን የማነሳው ዛሬ ለደኑ የሚወጣው መመሪያ የሚቀዳው ከዚሁ ጎደሎ ታሪክ ስለሆነ ነው።

አካባቢውን ለማያውቁ አንባቢዎች ያህል፣ የጎፍ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ከፍ ብሎ የሚታይ ተራራ ነው። ከጥንቱ የተፈጥሮ ደን የተረፈው ጥድ፣ ወይራና ዝግባ የሚገኝበት ሲሆን፣ በኋላ በሰው እጅ የተተከለው የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ ከጎኑ ቆሟል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ትላለች። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ጋቢውን ማውለቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከነዚህ ተዳፋቶች የሚወርደው ውሃ ቦርከናን ይመግባል፤ ቦርከናም በከሚሴና በጨፋ ሜዳ አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ስለዚህ የጎፍ ሲራቆት የሚጎዳው የሁለቱ ከተሞች ነዋሪ ብቻ ሳይሆን በበጋ ከብቱን ጨፋ ላይ የሚያሰማራው አርብቶ አደርም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ቤት ልግባ። እኛ ቤት ደኑ መጀመሪያ የሚታወቀው በማጀቱ ጭስ ነበር። ለእንጀራ ምጣድ ቶሎ ቦግ የሚል ጭራሮ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ከክትክታ የሚስተካከል የለም። ወጥና ንፍሮ ለመሰለው ረጅም እሳት የሚፈልግ ነገር ደግሞ ጉማጅ ይማገዳል። ወይራ ግን ለማገዶ አይባክንም ነበር። እናቴ የደረቀ የወይራ ስንጣሪ በገል ላይ ታቀጣጥልና ነበልባሉን እፍ ብላ ታጠፋዋለች፤ ከዚያ በግራዋ ታጥቦ የደረቀውን የእርጎ ቅል አፉን ወደ ጭሱ ደፍታ፣ ጭሱ እንዳያመልጥ ዙሪያውን በጨርቅ ከልላ ቅሉ እስኪሞቅ ትይዘዋለች። ያ እርጎ ሳይበላሽ የሚቆየው፣ ጣዕሙም ከጎረቤት ጎረቤት የሚለየው በዚህ መታጠን ነው። የጠላው ጋንም እንደዚያው ይታጠናል። ለዚህ ሁሉ የምትወስደው ከመሬት የለቀመችውን እንጂ ከቆመ ዛፍ የቆረጠችውን አልነበረም። ለሳምንት የሚበቃው ወይራ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ይመጣ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ የሴቶቹ ጉዞ ወደ ሣሩ ይሆናል። መስከረም ላይ አክርማና ስንደዶ የሚለቀመው ከደኑ ዳርና ከገላጣው ተዳፋት ነበር፤ ስንደዶው በቀለም ተነክሮ አለላ ሲሆን፣ ልጃገረዶች ወስፌያቸውን ይዘው ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ተሰብስበው ሰፌድና ሌማት ይሰፋሉ። ለልጆቹ አጋምና ቀጋ ነበረልን። ምች የመታው ሰው ቢኖር ዳማከሴ ተጨምቆለት ያድራል። ቡናው ተቆልቶ አቦል ቶና በረካ ሲባል፣ ከላይ ቤት ያሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዱዓ ሲያደርጉ፣ እኛም የፍልሰታን ጾም ፈትተን አብረን ስንቀመጥ፣ ፍሙ የመጣው ከአንድ ተራራ ነው። አገር ደህና እንዲሆን፣ ዝናቡ በጊዜው እንዲጥል በየወዳጃው፣ ማለትም በየጸሎት ስብሰባው፣ ሲለመን፣ በዚያ ልመና ውስጥ የጎፍም ነበረበት ብል ማጋነን አይሆንም።

የታሪኩ ከባድ ክፍል የሚጀምረው ከረሃቡ ነው። በ1965/66 ወሎን የመታው ረሃብ፣ ኋላም የ1977ቱ፣ ተራሮቻችን ላይ ሁለት ነገር አደረገ። በአንድ በኩል የሚበላ ያጣ ሰው እንጨት ቆርጦ ሸጦ ልጁን አበላ፤ በዚህ ማንንም ልወቅስ አልችልም። በሌላ በኩል ያው ሰው ለሥራ በሚሰጥ የእርዳታ እህል ተራራውን እርከን ሠራበት፣ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ችግኝ ተከለ። የቀኑ ክፍያ 3 ኪሎ ግራም ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። የዘይቱ ቆርቆሮ እንኳ አልተጣለም፤ ውሃ መቅጃ ሆነ፣ ተዘርግቶ የጎጆ ክፍተት ደፈነ፣ እህል ተሰፈረበት። ዛሬ በብዙ የወሎ ተራሮች ላይ ያለው እርከንና የተተከለ ዛፍ በእነዚያ ሰዎች ጀርባ የመጣ ነው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ እንደ እናቴ ያሉ ልጅ ያዘሉ ሴቶች ነበሩ። በጽሑፋችሁ «ደኑ በመንግሥት ለማ» ተብሎ ሲነበብ፣ ያንን ድንጋይ የተሸከሙት ሴቶች የት እንደገቡ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

መሬት በየካቲት 1967 የሕዝብ ሀብት ሆኖ ከታወጀና በ1972 የደንና የዱር አራዊት አዋጅ ከወጣ በኋላ፣ ሰዉ የተከለው ዛፍ «የመንግሥት ደን» ተባለ። የተከለው ሰው መቼ፣ ምን ያህል፣ ለምን ሊጠቀምበት እንደሚችል ግን በግልጽ የነገረው አልነበረም። ከብቱ ገባ ተብሎ ይቀጣል፣ ማጭዱ ይወሰዳል፣ እንጨቱ ይወረሳል። ግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ፣ ጥበቃው በየቤቱ ሲገባ፣ በብዙ አካባቢ ሕዝቡ በገዛ እጁ የተከለውን ዛፍ በገዛ መጥረቢያው ቆረጠው። ይህ ያሳፍረናል፤ ልንደብቀው ግን አይገባም፤ ምክንያቱም ከዚያ ጊዜ የምንማረው ከማናቸውም የችግኝ ቁጥር ይበልጣል። የእኔ ነው ብሎ ያልያዘውን ነገር ሰው ጠባቂ ሲጠፋ አይጠብቀውም። በዚያው ሰሞን ደግሞ በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ዙሪያ፣ በሼሆች መቃብር አጠገብ ያሉ ዛፎች ሳይነኩ ቀርተዋል። አዛውንቶቹ ይህን ሲያስረዱ «ያንን ቆርጦ ማን ቤቱ ይገባል?» ነው የሚሉት።

ስለ ወሎ ደን ሲጻፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ወሬ ይደገማል፦ ጥንት አገሩ በሙሉ ጫካ ነበር፤ ገበሬው ጨረሰው። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ በጣሊያን ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ በወሎ የተነሱ ፎቶግራፎችን ስልሳ ዓመት ያህል ቆይተው ከተነሱት ጋር ሲያስተያዩ፣ በብዙዎቹ ቦታዎች ዛፉ ከቀድሞው በዝቶ እንጂ አንሶ አላገኙትም። የጨመረው አብዛኛው በየቤቱ ዙሪያና በየማሳው ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የወይራና የጥድ ምትክ ነው አልልም፤ ውሃ ይጠጣል የሚለውንም ስጋት አልንቅም። ነገር ግን ደሴን በጦሳ ተራራ በኩል አሻቅቦ ያየ ሰው፣ ያ ዛፍ ባይኖር ኖሮ የከተማው ማገዶና የቤቱ ማገር ሁሉ ከየጎፍ ይመጣ እንደነበር ሊገምት ይችላል። የቤት እመቤቷና ገበሬው ለጥብቅ ደኑ የዋሉለት ትልቁ ውለታ ምናልባት ይህ፣ በየጓሯቸው የተከሉት ዛፍ ነው። እሱም በጽሑፋችሁ የለም።

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻን ባዳረሰበት ጊዜ መብራት ጠፍቶ በነበረባቸው ሳምንታት፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ የለመደው ቤት ሁሉ ወደ ሦስቱ ጉልቻ ተመልሷል። እኛ ሰፈር የአጥር እንጨት ሳይቀር ነደደ። ደኑ ለከተማው ሰው የቅንጦት ጉዳይ እንዳልሆነ ያኔ ሁላችንም አየነው።

ዛሬ ያለው ሁኔታ ምን ይመስላል? ባለፈው ዓመት አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ ከደኑ ዳር ጭራሮ ለቅመው ሲወርዱ አንድ ወጣት ጥበቃ አስቆማቸው። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ታዝዤ ነው» ብሎ ሸክማቸውን አስወረዳቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ይኼ እኮ ወድቆ የደረቀ ነው፤ ብታየው ምስጥ በልቶታል» አሉት። ልጁ አፍሮ አንገቱን ደፋ፣ እንጨቱ ግን እዚያው ቀረ። የዚያኑ ሰሞን ከባድ ጆንያ ከሰል የጫኑ ጋሪዎች ጨለማን ተገን አድርገው ወደ ከተማ ሲገቡ ሰፈሩ በሙሉ ያያል። ከሰሉ የመጣው ከወደቀ ጭራሮ አይደለም፤ ለከሰል የሚፈለገው የቆመ ግንድ ነው። ልጁን አልወቅሰውም፤ የተሰጠው ትእዛዝ «ማንም እንዳይገባ» የሚል ነው፤ ደረቅ ጭራሮና እርጥብ ግንድ በትእዛዙ ውስጥ አልተለዩም። ትእዛዙን የጻፈው ሰው በወይራ ስንጣሪ ቅል ሲታጠን አይቶ ቢሆን ኖሮ ይለያቸው ነበር።

በ2010 የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብና የማኅበር ደን እንዳለም አውቋል። በሕጉ በኩል በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። የቀረው በየቀበሌው የሚሠራው ሥራ ነው። ደረቅ እንጨት የሚለቀምባቸው ቀናት በግልጽ ይወሰኑ፤ ሣር በማጭድ ታጭዶ እንዲወጣ እንጂ ከብት እንዳይገባ ይደረግ፤ አክርማና ስንደዶ በመስከረም ለሴቶቹ ይፈቀድ። በምትኩ የቆመ ጥድና ወይራ የቆረጠ፣ ከሰል ያከሰለ ሰው በአካባቢው ሰዎች ምስክርነት ያለ ማመንታት ይጠየቅ። ሴቶቹ ማን ምን እንደሚቆርጥ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ዛሬ የማይናገሩት ራሳቸውም እንደ ሌባ ስለሚቆጠሩ ነው። ከዚሁ ጎን ማገዶ ቆጣቢውን «ምርት» ምድጃ በየቤቱ ማዳረስ ይገባል። ከክፍት ምድጃ ጋር ሲተያይ የእንጀራን ማገዶ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ በአሸዋና በሲሚንቶ እዚሁ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። በ2011 አረንጓዴ ዐሻራ ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ስለሚተከለው ችግኝ ብዙ እንሰማለን፤ ለምድጃው ግን የዚያን ያህል ድምፅ ሲነሳለት አልሰማሁም።

ጋዜጣችሁን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። በጦርነቱ ጊዜ ከደሴ ሙዚየም ቅርሶች መዘረፋቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የተዘረፈውን ማስመለስ የሌሎች ሥራ ይሆናል። በሰዎች አእምሮ ያለውን ግን እናንተ መሰብሰብ ትችላላችሁ። በምግብ ለሥራ እርከን የሠሩት ሰዎች አሁን ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ በየዓመቱ አንዳንዶቹን እንቀብራለን። ከኮምቦልቻ፣ ከደሴ ዙሪያና ከቃሉ ወረዳ የመጡ አዛውንቶች፣ በተለይም እናቶች፣ የተከሉትንና የቆረጡትን፣ ከደኑ ወደ ቤታቸው የወሰዱትን በራሳቸው አንደበት የሚናገሩበት አንድ ቋሚ ዓምድ ክፈቱላቸው። ማንበብና መጻፍ የማይችሉትን እኔና የቀድሞ ተማሪዎቼ ቤታቸው ድረስ ሄደን ቃላቸውን ለመቅዳትና ለመጻፍ ፈቃደኞች ነን። የድሮ ፎቶግራፍ ያለው ሰውም ከመሳቢያው አውጥቶ እንዲያመጣ ጥሪ አቅርቡልን።

የሚቻል ከሆነ ይህ የሚቀጥለው የሣር አጨዳ ወቅት ሳይደርስ ቢጀመር፣ የደኑን አጠቃቀም የሚወስኑት ኃላፊዎች መመሪያቸውን ከመጻፋቸው በፊት ሊያነቡት ይችላሉ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች መምህርት
ከኮምቦልቻ