የ«በራሪው ሙዝ» መሐንዲስ

ለአዘጋጁ፦

ፍራንክ ፒያሴኪ ሲነሱ «ባለ ሁለት ሮተር ሄሊኮፕተር የሠሩ» ተብሎ ይታለፋል። ሮተር ሄሊኮፕተሯን የሚያነሱት ተሽከርካሪ ምላጮች ናቸው፤ ቁም ነገሩ ያለው ግን እዚያው ውስጥ ነው።

ከፖላንድ የተሰደደ የልብስ ሰፊ ልጅ ናቸው፤ በ1919 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ተወልደው በ2008 በ88 ዓመታቸው አረፉ።

በባለ አንድ ሮተር ሄሊኮፕተር አካሉ ከሮተሩ በተቃራኒ ሊሽከረከር ይታገላል፤ ያን የምትገታው የጅራቷ ትንሽ ሮተር ደግሞ ከሞተሩ ጉልበት ትሻማለች። ፒያሴኪ በ1945 ያበረሩት ግን ፊትና ኋላ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ትልልቅ ሮተሮች ነበሩት። አንዱ የሌላውን ጠምዛዥ ኃይል ስለሚያጣፋ የሁለቱም ጉልበት ለማንሳት ይውላል። ጭነቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቢያደላም በቀላሉ ሚዛን አይስትም፤ ለጫኝ ትልቅ እፎይታ ነው።

ዕዳውም አለ። የሮተሮቹ ክበቦች በሚደራረቡበት ሄሊኮፕተር ሁለቱን የሚያገናኘው ረጅም ዘንግ ቢሰበር ቅደም ተከተላቸው ይዛባና ምላጮቹ እርስ በርስ ይማታሉ። የኋላው አካል ወደ ላይ የተቀለበሰውም ሮተሮቹ እንዳይነካኩ ነው፤ «በራሪ ሙዝ» ያሰኘው ቅርጽ ጌጥ አልነበረም።

በ1955 ከመሠረቱት ኩባንያ ወጡ። ኩባንያው በኋላ ቬርቶል ተብሎ በ1960 ቦይንግ ገዛው፤ ዛሬም የሚበረው ባለ ሁለት ሮተሩ ሄሊኮፕተር ቺኑክ የዚያ ዘር ነው።