ምች እየተባለ የሚታለፈው ሽፍታ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ፀሐይ ባገኘው ቆዳ ላይ የወጣን ሽፍታ ሁሉ ምች ብሎ ዳማከሴ መቀባት፣ ካልሆነም የስቴሮይድ ቅባት ከፋርማሲ ገዝቶ መሞከር የተለመደ ነው። ከእነዚህ ሽፍታዎች አንዱ ግን ካልታከመ ይገድላል። ፔላግራ ይባላል፤ መነሻው የናያሲን፣ ማለትም የቫይታሚን ቢ3 እጥረት ነው።

ሽፍታው በሁለቱም እጆች ጀርባ እኩል ይወጣል። መጀመሪያ ፀሐይ ያቃጠለው ይመስላል፤ ከዚያ ይጠቁራል፣ ይደድራል፣ ይሰነጠቃል። እጅጌ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንገትንም እንደ ሐብል ይዞራል። ምላስ ቀልቶ ያቃጥላል፤ ተቅማጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሲብስም መቃዠት ይከተላል። ምች የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ በሳምንት በአሥር ቀን የሚደርቅ ነው።

በቆሎ ብቻ ለወራት የሚበላ ሰው ይጋለጣል፤ የበቆሎን ናያሲን አንጀት በቀላሉ አይወስደውምና። ሜክሲኮዎች በኖራ ውሃ የሚቀቅሉት በቆሎ ይህ ችግር የለበትም። በ1990 እ.ኤ.አ. ማላዊ ከተጠለሉ ሞዛምቢካውያን ከ18 ሺህ በላይ የታመሙት የናያሲን ምንጭ የሆነው የኦቾሎኒ ራሽናቸው ሲቋረጥ ነበር። መጠጥ የሚያዘወትሩም ይያዛሉ። እኛ አገር አጥብቀን ልናስብበት የሚገባው ግን ቲቢን ለማከምና ለመከላከል የሚሰጠው አይሶናያዚድ ነው፤ ሰውነት ናያሲን እንዳይሠራ ያውካል። አብሮት የሚታዘዘው ቢ6 ነርቭን ይጠብቃል እንጂ ፔላግራን ሁልጊዜ አያስቀርም። ታካሚው መድኃኒቱን በራሱ አያቁም፤ ሽፍታውን ግን በዚያው ቀን ለጤና ባለሙያ ያሳይ።

ለአዋቂ የሚታዘዘው ኒኮቲናማይድ (የናያሲን ዓይነት) 100 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ነው። ምላሱና ተቅማጡ በቀናት ይሻላሉ፤ ቆዳው ሳምንታት ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 ብቻ የያዘ እንክብል ናያሲን የለውም። ከመግዛታችሁ በፊት ማሸጊያውን አንብቡ።

በደንብ የሚበላ፣ የማይጠጣ፣ አይሶናያዚድም የማይወስድ ሰው ፔላግራ ከያዘው፣ በተለይ ፊቱ ድንገት እየቀላ ለወራት የሚያስቀምጠው ከሆነ፣ ካርሲኖይድ የተባለው ዕጢ ይጠርጠር። ሰውነት ናያሲን የሚሠራበትን ትሪፕቶፋን የተባለ ንጥረ ነገር ዕጢው ሴሮቶኒን የተባለ ኬሚካል ለማምረት ይጨርሰዋል። ምርመራው የ24 ሰዓት ሽንት ነው፤ ሙዝ፣ አናናስ፣ አቮካዶና ቲማቲም ውጤቱን ስለሚያዛቡ ከ3 ቀን በፊት ጀምሮ አይበሉም።

አንድ የቆዳ ሐኪም
ከአዲስ አበባ