በፕላስተር የተሸፈነው ስም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ የምታጠምጂበትን ዘንግ በራስሽ ገንዘብ ልትገዢ መሆኑን ሳውቅ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። «አባዬ፣ ምርጫው በዝቶብኛል፤ ለምን አንተ ዕድሜህን ሙሉ የያዝከውን ስም ገዝቼ አልገላገልም?» ብለሻል። ከሦስት ዓመት በፊት ብትጠይቂኝ ኖሮ ያንን ስም በትልቁ ጽፌ እልክልሽ ነበር። ዛሬ እጄ እሺ አይለኝም።

ያንን ስም የወደድኩት አጥንቼ፣ አወዳድሬ አልነበረም። የመጀመሪያው ዘንጌ የዚያ ፋብሪካ ሥራ ነበረ፤ ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ነው የገዛሁት። ሲጎብጥ እስከ እጀታው ድረስ ይሰማኝ ነበር። ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣሁት በእርሱ ነው። አንቺም በአምስት ዓመትሽ የዝንቦቹን ሣጥን ታቅፈሽ ወንዙ ዳር እየተቀመጥሽ «ያዝከው? ያዝከው?» ትይኝ የነበረው በዚያ ዘንግ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ገመዱ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛው፣ ገመዱ ራሱ፣ ኮፍያዬ ሳይቀር ከዚያው ቤት ሆነ። የሌላ ፋብሪካ ዘንግ የያዘ ሰው ሳይ ያልታደለ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ዓመት እንዲህ አለፈ።

የመጨረሻውን ዘንግ ሳልሞክረው ገዛሁት። ግትር ነበር። ዓሦቹ ያሉት ከቆምኩበት ስድስትና ሰባት ሜትር ራቅ ብሎ ነው፤ እርሱ ግን የሚጎብጠው ረጅም ገመድ ለቅቄ በኃይል ስወረውር ብቻ ነው። በቅርብ ስሞክር ገመዱ ሳይዘረጋ ይወድቃል፤ ዝንቧም ውሃውን በጥፊ ትመታዋለች። አንድ ሙሉ የማጥመጃ ወቅት «አረጀሁ» እያልኩ አዘንኩ። ልብ በይ፤ የገዛ ክንዴን ተጠራጠርኩ፣ ስሙን ለመጠራጠር ግን አልደፈርኩም። በማግስቱ ዓመት ዘንጉ መጋጠሚያው ላይ ተሰነጠቀ። የዕድሜ ልክ ዋስትና ነበረው። ፋብሪካው ለማጓጓዣና ለጥገና ክፍያ ጠየቀኝ፤ ወራት ካስጠበቀኝ በኋላም ያ ሞዴል መመረት እንዳቆመ ጻፈልኝ። ዋስትናው ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ከገንዘቡ ይልቅ የቆጨኝ ሃያ ዓመት ስሟገትለት የኖርኩለት ቤት እኔን ጨርሶ የማያውቀኝ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ላጫውትሽ። ከወዳጆቼ ሦስት ዘንጎች ተዋስኩ፤ ከእነርሱም አንዱ የዚያው የእኔ ፋብሪካ አዲስ ሥራ ነበር። ሁሉም 2.7 ሜትር፣ ሁሉም ቁጥር 5 ናቸው። አንዱ ወዳጄ ስማቸውን በፕላስተር ሸፈነልኝ። ዝንቧን አውልቀን በቦታዋ ቀይ የሱፍ ክር አሰርን፤ ኮፍያዬን ሣሩ ላይ አሥር ሜትር ርቀት ላይ አስቀመጥን፤ ከዚያ ወዳጄ በዘፈቀደ እያነሳ ያቀብለኝ ጀመር። ገመዱም ማጠንጠኛውም ለሦስቱም አንድ ነው። ሁለተኛው ዘንግ እጄ ሲገባ ሳልቸኩል ወደ ኋላ ወረወርኩ፤ ገመዱ እስኪዘረጋ ጠበቅኩ፤ ወደ ፊት ስመልሰው ቀዩ ክር የኮፍያዬ ጠርዝ ላይ ላባ እንደሚያርፍ አረፈ። ደገምኩት፤ ያው ሆነ። ፕላስተሩን ስልጠው ከሦስቱ ሁሉ ርካሹ፣ ስሙንም ሰምቼው የማላውቀው ዘንግ ሆኖ ተገኘ። የእኔ ፋብሪካ ሦስተኛ ወጣ።

ያቺን ቁጥር 5 በደንብ ልታውቂያት ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዝንብ ከላባና ከክር ስለምትሠራ ክብደት የላትም፤ ራቅ አድርጎ የሚወስዳት የገመዱ ክብደት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚናገረው የገመዱን ክብደት ነው። የቁጥር 5 ገመድ የፊተኛው 9.1 ሜትር 140 ግሬን፣ ማለትም 9 ግራም ገደማ ይመዝናል። ቁጥር 4 ከሆነ 120፣ ቁጥር 6 ከሆነ 160 ግሬን ነው። ዘንጎች ግትር እየሆኑ ሲመጡ ግን ብዙ ገመድ ሠሪዎች «5» ብለው ጽፈው ወደ 6 የሚጠጋ ክብደት ማምረት ጀመሩ። እንግዲህ ካርቶኑ ላይ ግሬኑን ፈልጊ። ግትሩን ዘንጌን ከበድ ያለ ገመድ ባለብሰው ኖሮ ምናልባት ይታረቀኝ ነበር። ከዚያው ቤት ገመድ ሌላ አልነካም ብዬ ስለነበር አልሞከርኩትም።

ለትራውት ከሆነ ማጠንጠኛው ብዙ አያስጨንቅሽ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ገመድ መያዝ ነው። ጠንካራ ፍሬን የሚያስፈልግሽ ሮጦ ገመዱን የሚጨርስ ትልቅ ዓሣ ስታሳድጂ ነው። ከማጠንጠኛው የሚተርፍሽን ገንዘብ ገመዱ ላይ አውጪው።

የድሮ ስሞችን እንድትንቂ አልፈልግም። ኦርቪስና ሃርዲ የተባሉት የማጥመጃ ዕቃ ሠሪዎች፣ ኦርቪስ ከ1856 ጀምሮ፣ ሃርዲ ከ1872 ጀምሮ አሉ። ሃርዲ በ1891 ያወጣው «ፐርፌክት» የተባለው ማጠንጠኛ በእኔ ዕድሜ እንኳ እጅ ላይ ሲሽከረከር ያስደስታል። እነዚህ ስሞች የተከበሩት በሥራ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ ለሰው ይሆናል። ፋብሪካ ግን ይሸጣል፤ ሃርዲ ራሱ በ2013 ወደ ሌላ ኩባንያ እጅ ገብቷል። ስሙ እንዳለ ሆኖ ሠሪው፣ ጥሬ ዕቃውና ሐሳቡ ሊለወጥ ይችላል። ከቀርከሃ ወደ ፋይበርግላስ፣ ከዚያም በ1970ዎቹ ወደ ግራፋይት (ቀላልና ጠንካራ የካርቦን ክር) ሲኬድ ያንኑ ስም የያዙ ዘንጎች ፈጽሞ ሌላ ዕቃ ሆነዋል። አያቱ ጎበዝ ስለነበረ የልጅ ልጁን ሳትፈትኚ አትቀጥሪውም።

ስለ ጫማውም ጠይቀሽኛል፤ ባጭሩ ልመልስልሽ። ሶሉ የሱፍ ንጣፍ የሆነውን ተዪው። ያ ንጣፍ እርጥበት ስለሚይዝ የአንዱን ወንዝ አልጌ ወደ ሌላው ያሻግራል፤ ኒውዚላንድ በ2008 የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው። የጎማ ሶል ግዢ፤ እርሱንም ከወንዝ ወደ ወንዝ ስትሄጂ አጥበሽ አድርቂው።

እንግዲህ ለመግዛት አትቸኩዪ። የተዋስኩትን ርካሽ ዘንግ ከወዳጄ ገዝቼዋለሁ፤ የድሮው የመጀመሪያ ዘንጌም የላላ ቀለበቱ ታስሮ ግድግዳው ላይ አለ። ስትመጪ ሁለቱንም ትሞክሪያቸዋለሽ። የሁለቱንም ስም ከአሁኑ በፕላስተር ሸፍኜልሻለሁ፤ ቀዩ ክርም ከዝንቦቹ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ኮፍያውን ግን ከአሥር ሜትር አላስበልጠውም፤ እኔም ከጎንሽ ቆሜ ስለምወረውር።

የሚወድሽ አባትሽ