ከቅዳሴ በኋላ ስለ ድምፅ ማጉያ አዘጋግ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጎንደር አድባራት የምንጠቀምበት የድምፅ ማጉያ በምእመናን ስእለትና መዋጮ የተገዛ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው። አንዳንድ ጊዜ የሚበላሸው ግን አርጅቶ ሳይሆን አገልግሎት ሲያበቃ በሚዘጋበት መንገድ ምክንያት ስለሆነ፣ ጉዳዩ ትኩረት እንዲያገኝ ይህን ጽፌአለሁ።

ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሕዝቡን ካሰናበተ በኋላ ሁሉም ለመውጣት ሲቸኩል፣ በአጠገቡ የተገኘ ሰው ሶኬቱን ከግድግዳ ይነቅለዋል፤ ወዲያውም ከሞንታርቦው (ከስፒከሩ) «ድው» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። የማይክሮፎኖቹን ድምፅ የሚያቀናጀው ሚክሰር ኃይል ሲቋረጥበት ድንገተኛ የኤሌክትሪክ ምት በመስመሩ ይለቃል፤ ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር ደግሞ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ለጥቂት ሰከንዶች ኃይል ስለሚቀረው ያንን ምት አጉልቶ ወደ ስፒከሩ ይልከዋል። በስፒከሩ ውስጥ ያለው ኮይል የሚባለው ቀጭን ጥቅል ሽቦ በየሰንበቱ እንዲህ እየተመታ ቆይቶ አንድ ቀን ሊበላሽ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና መዋጮ ይጠየቃል።

ትክክለኛው አዘጋግ ምንም ወጪ አይጠይቅም። መጀመሪያ በሚክሰሩ ላይ ያሉት የድምፅ መቆጣጠሪያዎች እስከ ታች ይወርዳሉ፤ ቀጥሎ አምፕሊፋየሩ ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ሚክሰሩ ይጠፋና በመጨረሻ ሶኬቱ ይነቀላል። ሲከፈት ሚክሰሩ ቀድሞ አምፕሊፋየሩ መጨረሻ ላይ ይበራል። አምፕሊፋየሩ በውስጡ የተገጠመለት ስፒከር ከሆነም እንደዚሁ ስፒከሩ መጨረሻ ይበራል፣ ቀድሞ ይጠፋል። በበዓል ቀን ማኅሌቱ ከሌሊት ጀምሮ ሲቆም ያደረበትን አምፕሊፋየር እንደጋለ በጨርቅ መሸፈንም አይገባም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ መብራት በቅዳሴ መካከል ሲጠፋ የሚሆነው ነው። መብራቱ ሲመለስ ወይም ጄኔሬተር ሲነሣ ሚክሰሩና አምፕሊፋየሩ በአንድ ጊዜ ስለሚበሩ፣ በዚህ ላይ የኃይሉ መጠን ለጊዜው ከፍ ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ በመሣሪያው አጠገብ ያለው አገልጋይ መብራቱ እንደጠፋ አምፕሊፋየሩን ወዲያው ማጥፋት አለበት። በክረምት ደግሞ በየጽዱና በየደወል ቤቱ ወደ ተሰቀሉት ጥሩንባ መሰል ስፒከሮች የሚሄደው ረጅም ሽቦ መብረቅ ሊስብ ስለሚችል ከአገልግሎት በኋላ ከአምፕሊፋየሩ ተነቅሎ ማደር ይኖርበታል።

መስቀሉና ጽንሐሑ በመዝገብ ሰፍረው በዕቃ ቤት ኃላፊ ይጠበቃሉ፤ የድምፅ ማጉያውን ግን ያገኘው ሁሉ ይነካዋል። ስለዚህ የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ከሰንበት ትምህርት ቤት አባላት መካከል ሁለት ሰዎችን መርጦ በባለሙያ እንዲያሠለጥን፣ ቁልፉንም ለእነርሱ ብቻ እንዲያስረክብ፣ የአዘጋጉን ቅደም ተከተል በአማርኛ ጽፎ በመሣሪያው ሳጥን ላይ እንዲለጥፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይህም መሣሪያዎቹ በመኪና ተጭነው ታቦታቱን አጅበው ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ከሚወርዱበት ከጥምቀት በዓል በፊት ቢደረግ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፣ ጎንደር