ክፍል ቀይሪኝ ላልሽኝ ልጄ

ልጄ፣

ማታ “ጓደኛዬ ቶሎ አይገባትም፣ ከኋላ ያሉት ልጆችም ይረብሻሉ፣ ወደ ጎበዞቹ ክፍል አስቀይሪኝ” ስትዪኝ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። ላስብበት ፈልጌ ነው። 4ኛ ክፍል ላለ ልጅ ከማን ጋር እንደሚማር ትልቅ ነገር ነው።

ያልሽው እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪው ጄምስ ኮልማንና ባልደረቦቹ ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎችን አጥንተው ነበር። ለልጆች ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሕንፃና ቁሳቁስ ይልቅ ቤተሰብና አብሮ የሚማረው ልጅ የበለጠ ቦታ እንዳላቸው ጻፉ። ኬንያ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2005 በ121 ትምህርት ቤቶች ሙከራ ተጀምሮ ነበር። ግማሽ ያህሉ የአንደኛ ክፍል ልጆችን በውጤት ለዩ፣ የቀሩት ቀላቅለው አስተማሩ። ተለይተው የተማሩት፣ ደከም ያሉት ሳይቀሩ፣ የተሻለ ውጤት አመጡ። ተመራማሪዎቹ መምህሩ በልጆቹ ልክ ማስተማር ስለቻለ ነው ይላሉ። ይህን የምነግርሽ ጥያቄሽን የሕፃን ወሬ አድርጌ እንዳላየሁት እንድታውቂ ነው።

ግን ቅዳሜ ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም።

ያቺ “ቶሎ አይገባትም” የምትያት ጓደኛሽ አጠገብሽ ተቀምጣ ክፍልፋይ እየሠራችሁ ነበር። “አንድ ስምንተኛ ከአንድ አራተኛ ይበልጣል፣ 8 ከ4 ይበልጣላ” አለች። አንቺ “አይበልጥም” አልሻት። “ለምን?” አለችሽ። ዝም አልሽ። መልሱን ታውቂዋለሽ፣ ለምን እንደሆነ ግን አታውቂም ነበር። ከዚያ ወረቀት አመጣሽ። አጠፍሽ፣ ደገምሽ፣ አራት ሆነ። አንዴ ጨመርሽ፣ ስምንት ሆነ። ቁራጩ ሲያንስ ከእሷ ቀድመሽ “አሃ!” ያልሽው አንቺ ነሽ።

ያን “ለምን?” ሌላ ማን ይጠይቅሽ ነበር?

ከኋላ የሚረብሹት ልጆች ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ጫጫታ የሁሉንም ልጅ ትምህርት ይበላል። ቻይው አልልሽም። ነገ መጥቼ መምህርሽን አነጋግራለሁ፣ ወደ ፊት እንዲያስቀምጡሽም እጠይቃለሁ። ደግሞ አንድ ልጅ ዝም ብሎ አይረብሽም። ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ አናውቅምና ስም አታውጪለት።

እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ እንየው። ያኔም እየተማርሽ እንዳልሆነ ከተሰማሽ ክፍሉን ለማስቀየር እኔው ራሴ እጠይቃለሁ፣ ቃሌ ነው። እስከዚያ ጓደኛሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምጣ። ያጠፍሽው ወረቀት ደብተርሽ ውስጥ ነው፣ አልጣልኩትም።

የምትወድሽ እናትሽ